ዓለምጸሐይ በስቪኔሱንድ ድልድይ ላይ

ዓለምጸሐይ መንጃ ፈቃዷን ያወጣችው በአርባ ዘጠኝ ዓመቷ፣ በአምስተኛው ፈተና ነው። አራት ጊዜ የጣላት መሪው ሳይሆን የጽሑፉ ፈተና ነበር። በኖርዌይ ዋና ከተማ በኦስሎ፣ ቫይትቬት በሚባል ሰፈር ገብታ፣ በአንድ ትምህርት ቤት በጽዳት ሥራ ስትኖር፣ ከኮሙኑ፣ ማለትም ከማዘጋጃ ቤቱ፣ የሚመጣ ደብዳቤ ሁሉ የሚነበበው በልጇ በእየሩሳሌም አንደበት ነበር። ልጅቱ ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ታነብላታለች፤ እናት ሰምታ ትፈርማለች። ለአምስተኛው ፈተና ግን ዓለምጸሐይ መዝገበ ቃላት ይዛ መጽሐፉን ስምንት ወር ሙሉ ከዳር እስከ ዳር አነበበችው፤ አለፈች። አንዲት አሮጌ ቶዮታም ገዛች። ከኦስሎ ወጥታ ግን ነድታ አታውቅም ነበር።

በፈረንጆቹ 2021 መጋቢት ላይ ታናሽ እህቷ መቅደስ ከስዊድን፣ ከጎተንበርግ ደወለች። ሆዷ ውስጥ ዕጢ ተገኝቶባት በሳምንቱ ቀዶ ሕክምና ሊደረግላት ነው። ብቻዋን ነው የምትኖረው።

«እቴቴ፣ ከሆስፒታል ስወጣ አጠገብሽ ሰው ይኑር ብለውኛል። እንግዲህ አንዷን ጎረቤት እለምናለሁ» አለቻት።

«ማንንም አትለምኚ። እኔ እመጣለሁ» አለች ዓለምጸሐይ።

አፏን ሞልታ ተናገረች እንጂ መንገዱ እንዲህ ቀላል አልነበረም። በኮሮናው ምክንያት ድንበሩ ሊዘጋ ምንም አልቀረው፣ አውቶቡሱም ቆሟል። ስዊድን ለመግባት አንድ ምርመራ ያስፈልጋል፣ ኖርዌይ ለመመለስ ደግሞ ሌላ፤ ሲመለሱም ኳራንቲን አለ፣ እሱም እንደ ጉዞው ምክንያት በቤት ወይም በሆቴል ነው። የነርስነት ተማሪ የሆነችው እየሩሳሌም ሰምታ ራሷን ነቀነቀች። ደንቡ በየሳምንቱ እንደሚቀያየር፣ ኖርዌጂያኖቹ ራሳቸው ግራ እንደተጋቡ ነግራት፣ ልደውልና ልጠይቅልሽ አለቻት።

«ኔይ፣ አይሆንም» አለች እናቷ። «ድንበሩ ላይ የምቆመው እኔ ነኝ። እኔው ላንብበው።»

ሦስት ቀን ሙሉ ከሥራ ስትመለስ ኩሽና ቁጭ ብላ የመንግሥትን ድረ ገጽ አነበበች። ያልገባትን ቃል በደብተሯ ጻፈች፣ አንዳንዱን አንቀጽ አራት ጊዜ ደገመችው። ለመመለሻ የሚፈለገው ምርመራ ከሃያ አራት ሰዓት መብለጥ የለበትም፤ የሚቆጠረውም ውጤቱ ከወጣበት ሳይሆን ናሙናው ከተወሰደበት ሰዓት ነው። በጠና የታመመ የቅርብ ዘመድ ለማየት የሄደ ሰው፣ ከሐኪም ማረጋገጫ ካመጣና ለብቻው የሚሆንበት ቤት ካለው፣ ኳራንቲኑን በቤቱ መቆየት ይችላል። ይህን ስታገኝ መቅደስን ሐኪሙን ደብዳቤ እንድትጠይቅ አዘዘቻት። እየሩሳሌምም ቤቱን ለቅቃ ቶየን ሰፈር ካለች ጓደኛዋ ዘንድ እንድትቆይ ተስማሙ። ዓለምጸሐይም ከምትሠራበት ትምህርት ቤት ፈቃድ ወሰደች።

በሄደችበት ቀን ሦስት ሰዓት ተኩል የሚፈጀውን መንገድ በአምስት ሰዓት ነዳችው። ከባድ መኪኖቹ ጥሩምባቸውን እየነፉ ሲያልፏት እሷ በቀኝ በኩል ረጋ ብላ ትጓዛለች። የስዊድን ፖሊስ የምርመራ ወረቀቷን አይቶ አሳለፋት።

መቅደስን ከሆስፒታል በር ተቀብላ ቤት አስገባቻት። ዐሥር ቀን አጥሚት አጠጣቻት፣ ቁስሏን ጠረገችላት፣ ክንዷን ደግፋ ከክፍል ክፍል አመላለሰቻት። በዘጠነኛው ቀን ሐኪሙ ደወለ። ዕጢው ተጠራርጎ ወጥቷል፣ የክፉው ዓይነትም አይደለም። ሁለቱ እህትማማቾች አልጋው ላይ ተቃቅፈው አለቀሱ፤ ቀጥሎም መቅደስ ራበኝ አለች።

መመለሻው ቀረበ። ዓለምጸሐይ ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ናሙና ሰጠች። ውጤቱ በማግሥቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ደረሰላት፤ ነፃ ነች። ሌላ ሰው ቢሆን አጥፎ ኪሱ ይከተው ነበር። እሷ ግን እያንዳንዱን ፊደል ከፓስፖርቷ ጋር ስታስተያይ ስሟ በ«ዋይ» ማለቅ ሲገባው በ«አይ» አልቆ አገኘችው። ወደ ምርመራ ጣቢያው ተመልሳ ተሰለፈች። የተስተካከለው ወረቀት እጇ ሲገባ አምስት ሰዓት ሆኗል። ወረቀቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይሞታል። ኖርዌይ ለመግባት አስቀድሞ የሚሞላውን ምዝገባ በስልኳ አረጋግጣ መኪናዋን አስነሳች።

ሁለቱን አገሮች የሚያገናኘውን የስቪኔሱንድ ድልድይ ተሻግራ የኖርዌይ ኬላ ሰልፍ ጋ የደረሰችው ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ቢጫ ሰደርያ የለበሰ ወጣት ፓስፖርቷን አየ፣ ከየት እንደምትመጣ ጠየቃት፤ ከዚያ በእጁ ሆቴል የሚገቡት ወደተሰለፉበት አመለከታት።

ዓለምጸሐይ መኪናዋን አላንቀሳቀሰችም። «ከአነጋገር ይፈረዳል» እንዲሉ፣ ድምጿን ሳትጨምር፣ በራሷ ኖርዌጅኛ ቃሏን እየመረጠች ተናገረች።

«የሄድኩት እህቴን ላስታምም ነው፤ የሐኪሟ ደብዳቤ ይኸው። ምርመራው ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የተወሰደ ነው። ቤቴ ባዶ ነው፣ ብቻዬን እሆናለሁ። በደንቡ መሠረት ኳራንቲኑን እዚያ መቆየት እችላለሁ።»

ወጣቱ አመነታና አለቃውን ጠራ። ጠጉሯ የሸበተ ሴት መጥታ ወረቀቶቿን አንድ በአንድ፣ ሳትቸኩል አነበበች። ዓለምጸሐይ መሪውን በሁለት እጇ ጨብጣ ጠበቀች።

«ማን አዘጋጀልሽ?» አለች ሴትዮዋ።

«እኔው ራሴ።»

«ዛሬ እዚህ ከደረሱት ሁሉ ምንም ያልጎደለብሽ አንቺ ብቻ ነሽ። ተመርምረሽ ወደ ቤትሽ ሂጂ።»

እንደገና አፍንጫዋ ተነክቶ ተመረመረችና ወጣች። መጀመሪያ ያገኘችው ነዳጅ ማደያ ጥግ ይዛ ቆመች፤ መስኮቱን ዘጋችና ብቻዋን እልልታዋን አቀለጠችው። አጠገቧ ነዳጅ የሚቀዳ አንድ ሽማግሌ ዘወር ብሎ አያት። እጇን አውለበለበችለት፤ እሱም አውለበለበላት።

ኳራንቲኗን ጨርሳ ሥራ ስትገባ ወሬው በኦስሎ ሐበሾች ዘንድ ተሰራጭቶ ነበር። የምትሳለምበት ቤተ ክርስቲያን የሰበካ ጸሐፊ አቶ ገብረመድህን ደውለው፣ ከስዊድኗ ካርልስታድ የሚመለስ አንድ ቤተሰብ እንዳለ ነገሯት፤ ምን ይዘው ይምጡ ሲሉም ጠየቋት። ነገረቻቸው። ቤተሰቡ አለፈ። ከዚያ ሌላ መጣ፣ ከዚያም ሌላ። ደንቡ በተቀየረ ቁጥር ገጹን እንደ አዲስ ታነባለች፤ ያላነበበችውን «አላውቅም፣ አይቼ ልደውል» ትላለች። እስከ ሰኔ ድረስ ዐሥራ አንድ ቤተሰብ እሷ ባለችው መንገድ ወጥቶ ገባ፤ አንዱም ድንበር ላይ ተከልክሎ አልተመለሰም። እየሩሳሌም እንኳ አንድ ቀን ለክፍል ጓደኛዋ አባት ብላ ደውላ ጠየቀቻት።

በሐምሌ ክትባት ለወሰደ ሰው ድንበሩ ተከፈተ። መቅደስ ክብደቷ ተመልሶ፣ የክትባት ማስረጃዋን ይዛ፣ ራሷ እየነዳች መጣች። ዓለምጸሐይ ቫይትቬት የገበያ ማዕከሉ ፊት ለፊት ቆማ ጠበቀቻት። መቅደስ ከመኪናው ወርዳ ያለ ደጋፊ ወደ እህቷ ሮጠች።