የአባቴ ውሻ ለመንገድ ሲሰናዳ

አባቴ ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ገጠር ብቻቸውን መኖር አልቻሉም። ወንድሜ ዳንግላ ወደሚገኘው የኪራይ ቤቱ ሊወስዳቸው አሰበ፤ አከራይዋ ግን ውሻ ግቢዬ አይገባም አለች። አባቴም፣ «እንግዲያው እኔም አልገባም። ይህን ፍጥረት ለጅብ ጥዬ የትም አልሄድም» ብለው ቁጭ አሉ።

የምኖረው አርባ ምንጭ ነው፤ ማደሪያ የሚያስፈልገው መንገድ። ውሻውን እኔ ልውሰድ ብዬ የመጣሁት አባቴን ከዚያ ከሚያፈስ ቤት ለማስወጣት እንጂ ለውሻው አዝኜ አልነበረም።

ውሻ መንካት አልወድም። ኪዳን የማደርስበትን ነጠላ እንዳይነካብኝ ገና ስገባ ከፍ አድርጌ ሰቀልኩት። ዳዊቴንና የጸበሌን ጠርሙስ በሌላ ቦርሳ ለየሁ። ወንድሜ ደግሞ እንጅባራ የቀርከሃ ሣጥን አሠርቶ አመጣ፤ ክዳን ያለው፣ ነፋስ የሚያስገባ፣ ሰውን እንኳ የሚያስመኝ። ውሻው አጠገቡ አልደረሰም። ስጠራውም ጆሮውን አላነሣም።

«በአዊኛ ጥሪው እንጂ፤ አማርኛ አልተማረም» አሉኝ አባቴ።

በአዊኛ ጠራሁት። አየት አደረገኝና ወደ አባቴ እግር ተመለሰ።

«አያውቅሽማ። የለበስሽውን ጨርቅ ሣጥኑ ውስጥ አንጥፊለት፤ ሽታሽን ይልመድ።»

ሻሼን ፈታሁ። የመንገዱ ላብና አቧራ አለበት፤ እንዲሁ መስጠት አፈርኩ። በሳሙና ሙልጭ አድርጌ አጠብኩት፣ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት፣ አጣጥፌ አነጠፍኩለት። ውሻው አሸተተና አስነጠሰ። አባቴ ሻሹን ዳብሰው ወደ አፍንጫቸው አስጠጉና ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

«አንቺ ልጅ! ውሻውን ለሳሙና ነው እንዴ የምትድሪው?»

«አባዬ አይሳቁብኝ እንጂ! ቆሻሻ ጨርቅ እንዴት ልስጥ?»

«እሱ የሚፈልገው ያንኑ ላብሽን ነው። ሰውን በሌላ በምን ይለየዋል?»

ከዚያ ቂጣ ቆርሰው ሰጡኝ። ብብቴ ሥር ይዤው እንድውልና ከብቶች ሲገቡ በእጄ እንዳጎርሰው ነገሩኝ። አማትቤ የምቆርሰውን ምግብ ብብት ሥር! ፊቴ ጋለ።

«ኃጢአት አይሆንብኝም?»

«ያን አፍንጫ የሰጠው ማን ሆነና?»

ቀኑን ሙሉ ክንዴን ገጥሜ፣ እንደ ቆሰለ ሰው ዋልኩ። ማምሻውን በረቱ አጠገብ ተንበርክኬ ቂጣውን ዘረጋሁለት። አባቴ ጀርባቸውን ሰጥተውን ተቀመጡ። ውሻው አሸተተው፤ አልበላውም። መዳፌን አሸተተ፣ አንጓዬን፣ እስከ ክርኔ ድረስ። አንድ ፊደል ሳይዘል እንደሚያነብ ሰው ነበር። ፍርሃቴም፣ የመንገዱ ድካምም፣ ማንም ሳያየኝ ያለቀስኩትም ሽታ ይኖረው ይሆን? ሁሉን የሚያይ አምላክ ለዚህ አፈር ላይ ለሚተኛ እንስሳ ምን ያህሉን እንዳካፈለው እንጃ። ቅዳሴ ላይ ስቆም የሚመጣብኝ ዝምታ እዚያ እበቱ መካከል መጣብኝ። ያኔ ቂጣውን ቀስ ብሎ ከጣቶቼ ላይ ወሰደ።

በማግሥቱ መኪና ላይ እንዳያስመልሰው ምንም አላበላነውም። «ከአንቺ ጋር ሊኖር አይደል፣ ጾሙን ከአሁኑ ይልመድ» አሉ አባቴ። እስከ ዳንግላ መኪና ድረስ የሚያደርሰን ጋሪ መጥቶ ሲቆም፣ አስሬው ያደርኩትን ሻሽ ሳላጥበው ሣጥኑ ውስጥ አነጠፍኩና ክዳኑን ያዝኩ። ውሻው በአባቴና በሣጥኑ መካከል ቆመ። አባቴ ከንፈራቸውን ነከሱ። እኔ ልጠራው አፌን ስከፍት ቀደመኝ፤ ገብቶ ሻሹ ላይ ተጠቅልሎ ተኛ።

ጋሪ ነጂው፣ «እናንተ፣ ምን አቅምሳችሁት ነው?» አለ።

«ገባ?» አሉ አባቴ።

«ገባ፣ አባዬ።»

ዱላቸውን ፈልገው ተነሡ።

«በሉ እንግዲህ፣ እኔንም ጫኑኝ።»

ወንድሜ ደግፎ አወጣቸው። እስከ ዳንግላ ድረስ መዳፋቸውን ከቀርከሃው ላይ አላነሡም፤ እኔም በወዲህ በኩል የእኔን አኖርኩ።