ከገብስማዋ ሥር የተቀበረው ማጭድ

ልጅ ሳለሁ ከጅብም ከአስተማሪም አብልጬ የምፈራው መብረቅን ነበር። የመንዝ ክረምት ደግሞ ለእንዲህ ያለ ልጅ አይራራም።

ያሳደጉኝ የአባቴ ታላቅ እህት እትዬ አስካለ ናቸው። ከትምህርት ቤት ስመለስ እንቁላል መልቀም የእኔ ሥራ ነበር፤ ዶሮዎቹ ጎጇቸውን እንዳይጠሉ አንዱን ትቼ ሌላውን በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ እገባለሁ። ማታ ኩበቱ ነዶ ሲያበቃ እትዬ አንዱን እንቁላል አንስተው ጫፉን በእሾህ ይበሱና ረመጡ ውስጥ ይቀብሩታል። ካልተበሳ ይፈነዳል፤ እሳቸው ግን «ነጎድጓዱን ላስወጣለት ነው» ይሉኝ ነበር። ያኔ፣ እንቁላሉ እስኪበስል፣ ተረት ይጀመራል።

በዚያ ክረምት ገብስማዋ ዶሮ እንቁላል ታቅፋ ከመኝታዬ ራስጌ፣ ገለባ በተጎዘጎዘ እንቅብ ውስጥ ተቀምጣ ነበር። ከገለባው ሥር እትዬ ስባሪ ማጭድ ቀብረዋል። በአገራችን ብረት ካልተቀበረ ነጎድጓድ ጫጩቶቹን ሳይፈለፈሉ ይገድላቸዋል ይባላል። ለምን እንደሆነ ብጠይቃቸው ረመጡን በእንጨት እየጫሩ ነገሩኝ።

መብረቅ ዕውር አባት ነው። አንዲት ልጁ ጠፍታበት በደመና ላይ እየሄደ ይጣራል፤ ከዚያም ዝም ብሎ ያዳምጣል። በእንቁላል ውስጥ የምትመታ ትንሽ ልብ ከሰማ ልጁ ትመስለውና ሊዳስሳት እጁን ይዘረጋል፤ የዳሰሰው ሁሉ ግን ይሞታል። ብረት ሲነካ ብቻ «ይህስ ቀዝቃዛ ነው፤ የኔ ልጅ አይደለችም» ብሎ ያልፋል።

በኩራዙ ብርሃን የእትዬ ክንድ ጥላ ግድግዳው ላይ ሲረዝም አየሁ።

«እትዬ፣ የኔንስ ልብ ይሰማል?»

«አንቺማ እንደ በሬ እያንኮራፋሽ፣ ምን ልብ ይሰማልሻል!»

እሳቸው እንደ ቀልድ ተናገሩት፤ እኔ እንደ መድኃኒት ያዝሁት። ከዚያ ወዲህ ሰማይ በጠቆረ ቁጥር ጋደም ብዬ፣ ዓይኔን አፍጥጬ አንኮራፋ ነበር።

በዚህ መሃል፣ ትምህርት ለክረምት ሊዘጋ ሲል፣ ከመንግሥት ለውጥ በኋላ በተከፈተው ትምህርት ቤታችን አስተማሪያችን «ነጎድጓድ ሲሆን ከብረት ራቁ፤ መብረቅ ይስባል» አሉን። ማጭዱ ደግሞ ከራስጌዬ አንድ ክንድ እንኳ አይርቅም። ባወጣው ጫጩቶቹ ያልቃሉ፤ ብተወው እኔ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በረዶ ሲወርድ ብቻዬን ነበርሁ። አንዱ ነጎድጓድ ግድግዳውን ቢያነቃንቀው ሳላስበው እጄን ከገብስማዋ ሥር ሰደድሁ። ነቆረችኝ። ማጭዱን አወጣሁና በዚያው ደርቄ ቀረሁ፤ ልጥለው በሩን መክፈት ፈራሁ፣ ልመልሰውም ፈራሁ። እትዬ በጎቹን አስገብተው ውኃ እየተንጠባጠቡ መጡ።

«ምን ይዘሽ ነው የምትንቀጠቀጪው?»

«ብረት መብረቅ ይስባል፤ አስተማሪያችን ነግረውናል።»

«ታዲያ ከሳበ ምን አስጨበጠሽ፣ አንቺ ሞኝ?»

ማጭዱን ነጠቁኝ። እንቅቡን አዩ፤ እኔን አዩ። ከዚያ ከሁለታችንም ራቅ ብለው በሩ ሥር ተቀመጡና ማጭዱን ጭናቸው ላይ አኖሩት።

«ከሳበም ወደዚህ ይሳበው። ልጅ ለጠፋችበት አባት አሮጊት ምን ታደርግለታለች!»

ልስቅ ስል እጃቸውን አየሁ። በአንዱ ማጭዱን እንደያዙ በሌላው ያማትቡ ነበር። ተረቱንም አስተማሪውንም፣ ሁለቱንም አምነው ነበር።

ገብስማዋ አብዛኞቹን ፈለፈለች። ስለ መብረቅ ዛሬ ከያኔው የተሻለ አውቃለሁ፤ ዕውቀቱ ግን ፍርሃቴን አልቀነሰልኝም። ሰማይ ሲያጉረመርም የሚታወሰኝ የዚያ በረዶ የወረደበት ቀን ምሽት ነው። በጓሳ ተራራ በኩል እንደገና ሲያጉተመትም እኔ እንደ ልማዴ ማንኮራፋት ጀመርሁ። ጥቂት ቆይቶ ከወዲያኛው መደብ እትዬም ጀመሩ፤ በየመሃሉ «ማርያም፣ ማርያም» ባይሉ ኖሮ ተኝተዋል ብዬ አምን ነበር።