ስለ ፈረስ የሚጨቃጨቁት ሁለቱ ዘፋኞች

ያንን ዘፈን እቤታችን ያመጣችው እህቴ ናት። ደጎሎ ከተማ አስተማሪ ነበረች። ለትንሣኤ ወደ መካነ ሰላም ስትመጣ መኪና ውስጥ ሰምታ ወደደችውና ሾፌሩን ለምና ወደ ስልኳ አስላከችው። የፈረንጅ ዘፈን ነው፤ ወንድና ሴት እየተቀባበሉ የሚዘፍኑት። የወንዱ ድምፅም ጊታሩም የባላገር ነው። ሴቲቱ ስትገባ ግን የከተማ ጭፈራ ምት አብሯት ይገባል።

እንግሊዝኛ ስለማስተምር «ምን እያሉ ነው?» ብላ ያዘችኝ።

«እሱ በፈረሱ ይኩራራል። እሷ ደግሞ ካንተ ፈረስህ ይሻላል፣ እሱን ባገባ ይሻለኛል ትለዋለች።»

እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

ከዚያ ወዲያ ጓሮ ልብስ ስናጥብ እኔ ወንዱን፣ እሷ ሴቲቱን ሆነን እንዘፍነው ጀመር። ግጥሙ ሲጠፋብን በአማርኛ እንሞላዋለን። በአገራችን በወሎ ቦረና ስም «የቦረና ፈረስ አለኝ» ስላት «ኮርቻውን ከማን ተዋስከው?» ትለኛለች። መጨረሻው ላይ ዘፋኟን ሳቅ ያመልጣታል። እህቴ ከሁሉም የምትወደው እሱን ነበር። «ዝም በል፣ አሁን ልትስቅ ነው» ትለኛለች።

አባታችን መሪጌታ ናቸው፤ ቤታቸው ውስጥ ዘፈን አይወዱም። የአጥሩ በር ሲንኳኳ እናጠፋዋለን።

በሁለተኛው ዓመት እህቴን ኩላሊቷን አመማት። ደሴ ወሰድናት፤ አዲስ አበባም ሄድን። በመጨረሻ «ቤቴ መልሱኝ» አለችን።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አባታችን አልጋዋ አጠገብ ዳዊት ሲደግሙ ቆዩና መጽሐፉን አጥፈው ወደ እኔ ዞሩ።

«ያን ስለ ፈረስ የሚጨቃጨቁበትን ክፈትላት።»

እንደሚያውቁት አላውቅም ነበር። ከፈትኩት። ወንዱን ልቀበል ብል ድምፄ እምቢ አለኝ። የሴቲቱ ተራ ሲደርስ የእህቴ ከንፈር ብቻ ተንቀሳቀሰ።

«በል እንጂ! ብቻዋን ልትተዋት ነው?» አሉኝ አባቴ።

እየተቆራረጠም ቢሆን ዘፈንኩ። ዘፋኟ ስትስቅ እህቴ ፈገግ አለች። አባታችንም ሳቁ፤ ወዲያው ግን በጋቢያቸው ፊታቸውን ሸፈኑ።

በሦስተኛው ቀን አረፈች። ድንኳኑን የተከሉልን ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ናቸው። አንደኛዋ እናት እጄን ይዘው «አላህ ሶብሩን ይስጥህ ልጄ» አሉኝ፤ አሜን አልኩ።

ከቀብሩ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻዬን ልሰማው ሞክሬ ነበር። ያ ዘፈን ደስ የሚለው ለካ ለእያንዳንዱ ተረብ መላሽ ስላለው ነው። የወንዱ አልቆ የሴቲቱ ሲጀምር አጠፋሁት።

አርባዋ ካለፈ በኋላ አባቴ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ መንገድ ላይ ቆሙ።

«ሰውዬው ልጅቷን አገባት?»

«ዘፈኑ አይናገርም አባባ።»

 «ማግባት ነበረበት» አሉና ወደሚጠብቋቸው የቅኔ ተማሪዎቻቸው ሄዱ።