ቬጋስን ያወሩልን የመጨረሻው ቅዳሜ

ልጅ ሳለሁ አንድም ቀን ያልረገጥኳትን ከተማ ከራሴ ሰፈር አብልጬ አውቃት ነበር። አትላንታ ዳር፣ ስቶን ማውንቴን ውስጥ የምንኖርበት ግቢ አፓርታማው ሁሉ አንድ ዓይነት ሆኖብኝ የሰው በር የማንኳኳ ልጅ፣ ላስ ቬጋስ ላይ ግን የትኛው ሆቴል ደጃፍ ላይ ፏፏቴ እንዳለ፣ የትኛው አዳራሽ ቀይ ምንጣፍ እንደተነጠፈበት፣ የትኛው ሀብታም መኪናውን አስረክቦ ሳምንት ሙሉ እንደረሳት ብትጠይቁኝ ሳልደናቀፍ እነግራችሁ ነበር። ይህን ሁሉ ያስተማሩኝ ጋሽ መርሻ ናቸው።

ጋሽ መርሻ የአባቴ ወዳጅ እንጂ ዘመዳችን አልነበሩም፤ ግን ያኔ፣ በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ፣ አትላንታ ያለው ሐበሻ በጣት የሚቆጠር ስለነበር የአገር ሰው ሁሉ ዘመድ ነበር። እኛ በሱዳን በኩል በስደት ስንመጣ እሳቸው አሜሪካን ከለመዷት ቆይተዋል። አገር ቤት ሳሉ የአንድ አሜሪካዊ ቤተሰብ ሾፌር ነበሩ። ቤተሰቡ ወደ አገሩ ሲመለስ «አንተን ትተን የት እንሄዳለን» ብሎ ይዟቸው መጣና ኔቫዳ አወረዳቸው። እጃቸው መሪ የለመደ ስለሆነ ቬጋስ ውስጥ አንድ ትልቅ የቁማር ሆቴል በር ላይ የእንግዶችን መኪና እየተቀበሉ ፓርክ የማድረግ ሥራ ያዙ። እናታቸው እማማ ዘነበች ናዝሬት ቀሩ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ቀትር ላይ ከሥራ ሲወጡ በቀጥታ የሚመጡት እኛ ቤት ነበር። ቤታቸው ስልክ አላስገቡም። ወደ ናዝሬት የሚደውሉት ከኛ ሳሎን፣ በኦፕሬተር በኩል፣ እናታቸው ጎረቤት ተጠርተው እስኪመጡ እየጠበቁ ነበር። መስመሩ አንዳንዴ ይገኛል፣ አንዳንዴ አይገኝም። ከዚያ ይውላሉ። አመሻሽ ላይ አባዬ ከኋላ ባለችው ጠባብ በረንዳ ከሰል ያቀጣጥላል፣ ሥጋው ይጠበሳል፣ ጭሱ የጎረቤት መስኮት ድረስ ይሄዳል፤ እኔና ታናሽ ወንድሜ ሳሚ የወተት ሣጥን ገልብጠን እንቀመጣለን። ፍሙ እየደከመ ሲሄድና የበረንዳው መብራት ላይ የእሳት ራቶች መሰብሰብ ሲጀምሩ፣ ጋሽ መርሻ ሲጋራቸውን ለኩሰው «ያኔ እኮ» ይላሉ። እሷን ቃል ስንሰማ ሳሚ ማኘኩን ያቆም ነበር።

ያኔ እኮ ሰው ቁማር ሊጫወት ሲመጣ እንደ ሠርገኛ ለብሶ ነው። ሴቶቹ ጓንት አላቸው፣ ወንዶቹ ጫማቸው ያበራል። እንዳሁኑ በቁምጣ የሚገባ ባለጌ የለም። ውስጡ መስኮት የለ፣ ሰዓት የለ፣ ነጋ መሸ የሚላችሁ ሰው የለ። ይህን ሲሉ ተቀምጠው አይደለም፤ ብድግ ብለው የሌለ መኪና በር ይከፍታሉ፣ ጎንበስ ይላሉ፣ የሌለ ቁልፍ ይቀበላሉ። ሳሚ አፉን የፈታው እዚሁ አሜሪካ ነው፤ «ከዚያስ ምን አደረግክ?» ብሎ እንደ እኩያው ሲጠይቃቸው እማዬ ጭኑን ትቆነጥጠዋለች፣ እሳቸው ግን «ተዪው፣ ፈረንጆቹም አንተ ነው የሚሉኝ» እያሉ ይስቁ ነበር።

በኋላ ሆቴሉን ካምፓኒ ገዛው፣ የድሮው ሽማግሌ ባለቤት ሄደ፣ አዲሶቹ ሠራተኛውን በተኑት። ጋሽ መርሻም አትላንታ መጥተው መሃል ከተማ አንድ የመኪና ማቆሚያ መግቢያ ላይ ያለች ጎጆ ውስጥ ተቀምጠው ሒሳብ ይቀበሉ ነበር። አንድ ቀን ለአባዬ ሲነግሩት ሰምቻለሁ፤ «እዚያ ሰው በስሜ ይጠራኝ ነበር፣ እዚህ በመስኮት እጅ ብቻ ነው የማየው» አሉት።

ከሁሉ ጨዋታቸው የምወደው የሻንጣውን ነበር። አንድ ዓመት፣ አብዮቱ ሊፈነዳ አንድ ዓመት ሲቀረው፣ ፋሲካን ከእናታቸው ጋር ሊውሉ ፈቃድ ወስደው፣ ለእናታቸው ቡኒ ካፖርት ገዝተው፣ ሻንጣቸውን ዘግተው ሊሄዱ ሲሉ፣ ያ ሽማግሌ ባለቤት ራሱ በሩ ድረስ ወረደ። የፈረንጅ ፋሲካ ሰሞን ሆቴሉ ይሞላል። «መርሻ፣ አንተ ከሄድክ እንግዶቼን በስም የሚያውቅ ማን አለኝ?» ብሎ ትከሻቸውን ያዛቸው። ባለቤቱ፣ ያ ሁሉ ሰው የሚሰግድለት፣ መርሻን ለመናቸው። እሳቸውም ሻንጣውን መለሱት። እኔ ይህን ስሰማ ደረቴ ይነፋ ነበር። የኛ ሰው፣ የኛ ጋሽ መርሻ፣ በፈረንጅ ጌታ ተለምኖ ቀረ። ካፖርቱ ምን እንደሆነ አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም።

እኔ ዐሥራ አንድ ዓመት በሞላኝ ሰሞን ስልኩ ጠዋት በማለዳ ጮኸ። አባዬ አነሳ፣ አዳመጠ፣ «መቼ?» አለ። እማዬ አፏን ይዛ ቁጭ አለች። እማማ ዘነበች አርፈዋል።

ከዚያ የሆነውን የአገራችን ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ለማያውቅ ግን ልንገር። በኛ ዘንድ ሰው የወላጁን ሞት እንደ ወሬ አይሰማም። ይደበቃል። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ሽማግሌ ይመረጣል፣ ማለዳ ሰው ወደ ሥራው ሳይወጣ በሩ ተንኳኩቶ ይረዳል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው ለዚህ ይመስለኛል። የጋሽ መርሻ ነገር ደግሞ የባሰ ነበር። ደም ብዛታቸው ተነስቶ ከሆስፒታል ከወጡ ገና ጥቂት ቀን ሆኗቸዋል፣ ሐኪሙም ምንም እንዳያስደነግጣቸው ብሏል። እህታቸው ወይዘሮ አልማዝ ያሉት ዳላስ ነው፤ እሳቸውን እዚያ ያሉ ሰዎች አርድተዋቸዋል፣ ግን የሚያስታምሟት አሮጊት ነበረችና ተተኪ ሳይገኝ መነሳት አይችሉም። ከስማይርናም ከሮዝዌልም፣ ከከተማው ዙሪያ ሁሉ፣ ሰዎች እኛ ሳሎን መጡና እያንሾካሾኩ ተመካከሩ። ሰውነታቸው ትንሽ ይርጋ፣ እህታቸውም ይድረሱ፣ ሰው ብቻውን አይረዳም ተባለ። ክፋት ያሰበ ማንም አልነበረም።

ችግሩ ቅዳሜ ነው። ጋሽ መርሻ ቅዳሜ መጥተው ይደውላሉ። አባዬ ወደ ጓዳ ጠራኝና እንደ ትልቅ ሰው አነጋገረኝ። ስልኩን እሱ ይነቅላል፣ ተበላሽቷል ይላል፤ የኔ ሥራ ጨዋታ ማስጀመርና ማስረዘም ነው። «አንቺን እምቢ አይሉም» አለኝ። ለሳሚ እንዳልነግረው አስጠነቀቀኝ፣ ገና ስድስት ዓመቱ ነበርና አፉ አያስችለውም። እውነቱን ልናገር፣ ያኔ የተሰማኝ ሐዘን አልነበረም፤ ኩራት ነው። ትልልቆቹ የሚያውቁትን አወቅኩ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ቀላል ነበር። ስልኩ ተበላሽቷል ሲባሉ «ምን ይደረግ፣ ለሳምንት» አሉ። ያቺን የተረሳች መኪና ጠየቅኳቸው፣ ፏፏቴውን ጠየቅኳቸው፣ አንዱ ሲያልቅ ሌላውን አነሳሁ። ሳሚ መሬት እስኪንከባለል ሳቀ። እሳቸውም በሆስፒታሉ የገረጣው ፊታቸው መልሶ ወዝ አገኘ፣ እማዬም እያየቻቸው ሥጋውን ታገላብጣለች።

በሁለተኛው ቅዳሜ ወይዘሮ አልማዝ ፈቃድ አግኝተው ነበር። እሑድ ይገባሉ፣ ሰኞ ማለዳ መርዶው ይነገራል። አንድ ቀን ብቻ ማለፍ ነበረበት። ጋሽ መርሻ ግን ገና ሲገቡ ወደ ስልኩ ሄዱ፣ አነሱት፣ አሁንም ድምፅ የለውም። አባዬ ስለ ስልክ ካምፓኒው የሆነ ነገር ቀባጠረ። እሳቸው ቆም ብለው አሰቡና ነዳጅ ማደያው ጋ የሳንቲም ስልክ አለ፣ ቶሎ ደውዬ እመጣለሁ አሉ። «ሆዴን ባር ባር ብሎታል» አሉ ለእማዬ። የመኪናቸውን ቁልፍ ይዘው እበሩ ደርሰዋል። አባዬ ዓይኑን ወደኔ ወረወረ።

እና እኔ ያለኝን ትልቁን ጨዋታ አወጣሁ። «ጋሽ መርሻ፣ የሻንጣውን ይንገሩን» አልኩ።

ሳሚ አጨበጨበ። እጃቸውን ይዞ ወደ በረንዳው ጎተታቸው። እሳቸውም ቁልፉን ወደ ኪሳቸው መልሰው፣ አንዴ ብቻ ብለው፣ ተቀመጡ። የዚያን ቀን አባዬ ከሰሉን በጠራራ ፀሐይ ነው ያቀጣጠለው፣ ሰውየው እንዳይነሱ። ጋሽ መርሻ እንደዚያን ቀን አድርገው አውርተውት አያውቁም። ካፖርቱን አለበሱን፣ ሻንጣውን አስቆለፉን፣ ሽማግሌው ባለቤት ደረጃውን ሲወርድ እንዴት እንደሚያነክስ ተነስተው አሳዩን። ትከሻቸውን ሲይዛቸው የሳሚን ትከሻ ያዙ። ከዚያ ሁልጊዜ የሚያቆሙበት ቦታ ሲደርሱ አላቆሙም፤ ለእናታቸው ደውለው ለሚቀጥለው ፋሲካ ነው የምመጣው እንዳሏቸው፣ እናታቸውም እንኳን ፈለጉህ ልጄ፣ ሥራህን አክብር እንዳሏቸው ነገሩን። በሚቀጥለው ፋሲካ አገሩ ሌላ ሆኖ፣ መንገዱም ተዘጋ።

«ይኸው እስካሁን እየጠበቀችኝ ነው» አሉና ሳቁ።

እማዬ ሳህኑን አስቀምጣ ወደ ውስጥ ገባች። አባዬ ፍሙን ይቆሰቁሳል፣ የሚቆሰቆስ ነገር ግን አልነበረውም። እኔ ሳቅኩ። ሳሚ ስለሳቀ፣ እሳቸውም ስለሳቁ፣ ካልሳቅኩ ይነቃል ብዬ ሳቅኩ። ሲጨርሱ ናዝሬት ውስጥ ሌሊት ሆኖ ስለነበር «አሁንማ ተኝታለች፣ አልቀሰቅሳትም» አሉ፣ ስልኩንም ተዉት።

ሰኞ ማለዳ አባዬና ሌሎቹ ቄሱን ይዘው ሄዱ። እኔ አልነበርኩም። ልቅሶው የተቀመጠው ግን እኛ ቤት ነው፣ የኛ ሳሎን ይሻላል ተብሎ። ሶፋው ወጥቶ ፍራሽ ተነጠፈ፣ ሰው ከሺፍት እየወጣ በሥራ ልብሱ ይመጣል፣ በር ላይ ሲደርስ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያለቅሳል፣ ከታች ያለችው ጎረቤታችን ደንግጣ ፖሊስ ልትጠራ ነበር። ጋሽ መርሻ ግን ድምፃቸው አልተሰማም። ወይዘሮ አልማዝ ፍራሹ ላይ ጎናቸው ተቀምጠዋል፣ እሳቸው ግድግዳውን ያያሉ። ሻይ ሳቀርብላቸው አንገታቸውን ቀና አደረጉ።

«አንቺም ታውቂ ነበር?» አሉኝ።

መዋሸት አልቻልኩም። «አዎ» አልኩ።

ሻዩን ተቀበሉኝ። አልተቆጡም፣ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ቀስ ብለው፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ ሆነው፣ «እናቴ አፈር ከለበሰች ሁለት ሳምንቷ ነበር። እኔ እንዴት ጥያት እንደቀረሁ እየሳቅኩ አወራለሁ» አሉ። ወይዘሮ አልማዝ እጃቸውን ያዟቸው። እኔ ወጥ ቤት ገብቼ ከፍሪጁ ጀርባ ተቀመጥኩ፣ እማዬ ናት ያገኘችኝ።

ከዚያ በኋላ ጋሽ መርሻ ስለ ቬጋስ አላወሩም። ቅዳሜ ይመጣሉ፣ ይበላሉ፣ ስለ ሥራና ስለ መኪና ከአባዬ ጋር ያወጋሉ። ሳሚ ሲጨቀጭቃቸው «ረሳሁት የኔ ልጅ» ይሉታል። እኔ አንድም ቀን አልጠየቅኳቸውም። የሰውየውን ደጉን ዘመን ከእጃቸው የነጠቅኳቸው እኔ እንደሆንኩ አድርጌ አስብ ነበር፤ እሳቸው ያቺን ከተማ ባነሷት ቁጥር ከዚያ ቅዳሜ ጋር ትመጣባቸዋለችና። በዓመቱ ዳላስ ወደ እህታቸው ሄዱ፣ እዚያው አረፉ። የሳቸውን ሞት ለኔ ማንም አልደበቀኝም።

በዚያ ምክንያት ሳድግ አንድ ነገር ለራሴ ቆርጬ ነበር። እኔ ባለሁበት ሰው በሞት ላይ እየሳቀ አይውልም። አባዬ ሲያርፍ ሳሚ ልጆቹን ይዞ ፍሎሪዳ ባሕር ዳር ነበር፤ ስንት ዓመት ሠርቶ የወጣባት የመጀመሪያ ቫኬሽኑ ናት። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው እሑድ ይመለስ የለ፣ እቤቱ ሲገባ ይረዳል አሉኝ። አይሆንም አልኳቸው። አሜሪካ አበላሸቻት እያሉ ሲያጉረመርሙ፣ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ቆሜ ደወልኩለት። ስልኩን ሲያነሳ ከኋላው ልጆቹ ውሃ ውስጥ ሲጮሁ ይሰማኛል። ነገርኩት።

ከአርባው በኋላ ሰው ሁሉ ሄዶ እኔና እሱ ሳህን ስናጥብ ነው ያወጣው። ለምን አልጠበቅሽም አለኝ። ስለ ጋሽ መርሻ ነገርኩት፤ ያን ቅዳሜ፣ ሳቃቸውን፣ ሻዩን፣ ያሉኝን፣ ሁሉንም። እሱ ያኔ ሕፃን ነበርና ይህን አያውቅም ነበር። እጁን አደራረቀ።

«ጋሽ መርሻ እኮ ሁለት ሳምንት እናት ተጨምራላቸዋለች» አለኝ። «እኔን ግን እስከ እሑድ አባት እንዳይኖረኝ ከለከልሽኝ።»

የቀረውን ሳህን አጠብኩ።