ከመስኮቱ ላይ የጠረግኩት ጥላ

ቅዳሜ ረፋድ ላይ... ቢሮዬ ቁጭ ብዬ ስልኬን ስጎረጉር ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ በሩ ላይ ቆሙ። ቢሮ ስላችሁ ደግሞ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ደብረ ታቦር መናኸሪያ አጠገብ ያለች፣ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር ከገባባት እግር መዘርጊያ የማይተርፋት የቆርቆሮ ክፍል ናት። ቤት አሻሽጣለሁ። ደላላ ነኝ በቃ።

ሰውየው ከወንድማቸው ልጅ የተዋሱትን ስልክ ይዘዋል። ወደ እኔ ሲያዞሩት እኔው ቴሌግራም ላይ የለቀቅኩት የቤት ማስታወቂያ ነው። ቁጥሬ ፎቶው ወገብ ላይ በቀይ ተጽፏል። ያገኙኝም በሱ ነው።

«ልጄ፣ ይኸን ፎቶ አንተ ነህ ያነሳኸው?» አሉኝ።

ድንግጥ አልኩ። ፎቶውን እኔ አላነሳሁትማ...

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሁለት ወር በፊት ያንን ቤት እንድሸጥ ተሰጠኝ። እኔ ያነሳሁት ፎቶ ሁሉ ቤቱን የእህል መጋዘን አስመሰለው። አንድ ቀን በገጿ ብቻ የማውቃት ፎቶ አንሺ ልጅ ያንኑ ቤት ስቶሪዋ ላይ ለጠፈችው። በዚያ ስታልፍ አምሯት ያነሳችው ነው። የማታ ፀሐይ ግድግዳው ላይ አርፋ፣ ከጀርባው የጉና ተራራ ጥርት ብሎ... ቤቱን እኔም ልገዛው ነበር የቀረኝ። ስቶሪ በማግስቱ ስለሚጠፋ ቶሎ ብዬ ስክሪን ሾት አደረግኩት። ጥጉ ላይ የነበረውን ስሟን ቆረጥኩ። መስኮቱ መስታወት ላይ ጠቆር ያለ ጥላ ነገር ነበር፤ ቤቱን እንዳያቆሽሽብኝ ብዬ በስልኬ ማጥፊያ ጠረግኩት። ከዚያ ቁጥሬን ለጠፍኩበት። እኛ ደላሎች ፎቶ እንሰራረቃለን፤ የሰረቅኩት እንዳይሰረቅብኝ መሆኑ ነው።

ጠበቃ ጋ የሚሠራ ጓደኛዬ ያኔ አስጠንቅቆኝ ነበር። ፎቶ የአንሺው ነው፣ ሳታስፈቅድ ለሽያጭ ከተጠቀምክበት ትጠየቃለህ፣ አንሺው ቢሞት እንኳ መብቱ ለወራሽ ይተላለፋል አለኝ። እኔ ደግሞ ደብረ ታቦር ላይ ለአንዲት ፎቶ ማን ይከሰሳል ብዬ ሳቅኩበት።

ሽማግሌው ሲጠይቁኝ ታዲያ የጓደኛዬ ወሬ ትዝ አለኝ። ክስ መጣ አልኩ በሆዴ።

«አዎ አባቴ፣ እኔ ነኝ ያነሳሁት» አልኳቸው። ዓይኔን በጨው አጥቤ።

ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው መስኮቱን ብዙ አዩት። ከዚያ ከገሳይ እንደመጡ፣ ፎቶ አንሺ ልጅ እንደነበረቻቸው ቀስ ብለው ነገሩኝ። ነበረች... ባለፈው ወር የተሳፈረችበት መኪና ተገልብጦ ሞታለች። ስልኳም አብሯት ደቀቀ።

«‹አባየ፣ ደብረ ታቦር ላይ ጉና ከጀርባው የሚታይ አንድ ቤት ሳነሳ ሳላውቀው ራሴንም አንስቻለሁ፤ መስኮቱ መስታወት ላይ አለሁ› ብላኝ ነበር» አሉ። «የሰው ሰርግ፣ የሰው ክርስትና ስታነሳ ነው የኖረችው። የሷ ፎቶ የመታወቂያው ብቻ ነው፣ እሱም ደብዝዟል። አርባዋ ደረሰ፤ የምናቆመው ፎቶ አጣን። ቤቱን ሳየው እሱ መሰለኝ።»

መናገር ነበረብኝ፤ አልተናገርኩም።

«አንተ ካነሳኸውማ ሌላ ነው» አሉና ጋቢያቸውን አስተካክለው ተነሱ። «ይቅር በለኝ ልጄ፣ ሥራ አስፈታሁህ።»

እኔን ይቅርታ ጠይቀው ወጡ።

ትንሽ ቁጭ አልኩ። ልሥራ ብዬ ስልኬን ከፈትኩ፤ ያ ባዶ መስኮት እዚያው አለ። አልቻልኩም። በሩን ሳልዘጋ ወደ መናኸሪያው ሮጥኩ። የገሳይ መኪና ውስጥ ገብተው ተቀምጠው አገኘኋቸውና ለምኜ አስወረድኳቸው።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ሳላስፈቅዳት መውሰዴን፣ ስሟን መቁረጤን፣ ጥላውን መጥረጌን። ያልተጠረገውን ስክሪን ሾትም ስልኬ ሞላ ብዬ አጥፍቼዋለሁ። ፎቶው አሁን የእርስዎ ነው፣ መክሰስም ይችላሉ፣ እኔም አልክድም አልኳቸው።

ስለ ክሱ የሰሙኝም አልመሰለኝ።

«የጠረግኸው ይመለሳል?» አሉ።

«አይመለስም፣ አባቴ።»

ይረግሙኛል ብዬ ጠበቅኩ። በያዙት በትር አንድ ቢያሳርፉብኝ ራሱ ደስ ይለኝ ነበር። እሳቸው ግን «እንግዲያ እንዳለ አሳጥበህ ስጠኝ» አሉ።

ጥላው የተጠረገ፣ ቁጥሬ ግን ያልተጻፈበት ኮፒ ነበረኝ። ፊት ለፊት ያለው ፎቶ ቤት ገብተን በትልቁ አሳተምነው። ስሟን ከነአባቷ ጥጉ ላይ አስጻፍኩ። ማስታወቂያውንም እዚያው ቆሜ አወረድኩት። ምን ዋጋ አለው...

ፎቶውን ሲቀበሉኝ ስሟን አላዩም። የሻከረ ጣታቸውን የመስኮቱ መስታወት ላይ አኖሩ።

«እዚች ላይ ነበረች?»

«አዎ፣ እዚች ላይ።»

ጣታቸውን ሳያነሱ ቀና ብለው አዩኝ።

«ትስቅ ነበር?»

«አዎ አባቴ... ትስቅ ነበር» አልኳቸው።

እኔ ግን ያየሁት እድፍ ብቻ ነበር።