የሙከራው ቪዲዮ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ወልድያ ድረስ ይዛኝ ሄደች። አሮጌው ዴስክቶፓችን የምትማርበትን የሥዕል ፕሮግራም መሸከም አቅቶት ግራፊክስ ካርድ ልንገዛለት ነበር። ባለሱቁ ካርዱን ከካርቶኑ አውጥቶ "የኮምፒውተሩን ስፋት ለክታችኋል?" ሲለን ልጄ ስልኳ ላይ የጻፈችውን አነበበችለት። እኔ ግን ሳላስበው እጄን በስንዝር ዘርግቼ ተገኘሁ። ልጄ ሳቀችብኝ። ያ ስንዝር የወንድሜ የሰይድ ነበር።

እኔ ሃያ ዓመቴ፣ እሱ ሃያ ሁለት ሳለን መርሳ ውስጥ ሠርግ እንቀርጽ ነበር። ካሜራውን የሚይዘው እሱ ነው፤ እኔ ቤት ቁጭ ብዬ፣ ከአንድ መሥሪያ ቤት በጨረታ በወጣ ቀጭን ዴስክቶፕ ቪዲዮውን እቆራርጣለሁ። ኮምፒውተሩ አመሉ ክፉ ነበር። ሙሽራዋ ከቤት ልትወጣ እግሯን ስታነሣ ቀጥ ይላል፤ ሽንኩርት ከትፌ ስመለስ እግሯ አሁንም አየር ላይ ነው። ሰይድ "ካርድ ካስገባንለት ይሮጣል፤ ሥራው ከሮጠ ደግሞ የትም አልሄድም" ይለኝ ነበር። እኩዮቹ አንድ በአንድ በጅቡቲ በኩል ወደ ሳዑዲ እየወጡ ነበርና ይህን ስሰማ ልቤ ያርፋል። ካርድ ሰው እንደማያስቀር ያኔ አላውቅም ነበር።

ማሽላው ታጭዶ የሠርጉ ወር ሲቃረብ ወልድያ ሄድን። ሻጩ ስለ ስፋቱ ሲጠይቀን ሰይድ በኩራት ስንዝሩን ዘርግቶ "አንድ ስንዝር ከሁለት ጣት! አብሽር፣ ለክቼዋለሁ" አለው። ሻጩ ራሱን ነቀነቀ፤ ግን ሸጠልን። መናኸሪያው በር ላይ ቃሪያ የበዛበት ትኩስ ሳምቡሳ በላንና አንዱን ለእማ በጋዜጣ ጠቀለልን። ሚኒባሱ ውስጥ ሽታው አላስቀምጥ አለን። ሲሪንቃ ሳንደርስ እሱንም ለሁለት ተካፍለን በላነው።

ቤት ስንገባ ስንዝሩ ርዝመቱን እንጂ ስፋቱን እንዳልለካ ታወቀ። ካርዱ ከኮምፒውተሩ ጎን አንድ ጣት ያህል ወጥቶ ቀረ። ሰይድ አልገጥም ያለውን ክዳን አልጋ ሥር ወረወረው፤ ከዚያ በኋላ ሥራ ስንጨርስ አቧራ እንዳይገባበት በእማ አሮጌ ሻሽ እንሸፍነው ነበር።

"በይ ዘሀራ፣ እንፈትነው" ብሎ ካሜራውን ሰጠኝና በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ከካሜራው ፊት ሆኖ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

"ምን ልበል?"

"የመጣልህን በል።"

ጉሮሮውን ጠረገ። "እማ፣ ዛሬ ወልድያ ሄደን ሳምቡሳ ገዝተንልሽ ነበር። በላነው። ጀማሪዋ ዘሀራ ናት፤ ወላሂ እኔ አይደለሁም። አፉ በይን።"

ካርዱ ሠራ። ሰይድ አንዴም ሳይቆራረጥ ስክሪኑ ላይ ተናግሮ ጨረሰ፤ እኛም ተቃቅፈን ዘለልን።

በሦስተኛው ቀን ኮምፒውተሩ ላይ ለአንድ ሠርግ ቦታ ጠበበኝ። ሁልጊዜ እንደማደርገው "ሙከራ" የሚል ስም ያለውን ቪዲዮ ሁሉ መርጬ አጠፋሁ። ለአፍታም አላሰብሁበት።

ሁለት ዓመት ሠራን። ሥራው ሮጠ፤ የሰይድ ልብ ግን ከእኩዮቹ ጋር ሄዶ ነበር። አንድ ቀን ሁለት ጓደኞቹን ተከትሎ ወጣ፤ የተሳፈሩባት ጀልባ ባሕሩን አልተሻገረችም። የለቅሶው ሰው ከተበተነ በኋላ እማ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

"ያን ሁሉ ሰው ስትቀርጹ የሱ መልክ ያለበት አይጠፋም። ፈልጊልኝ ልጄ።"

ሠርጎቹን ሁሉ አንድ በአንድ አየሁ። ከካሜራው ጀርባ "ሙሽራው፣ ወደዚህ እይ!" የሚል ድምፁ አለ። መልኩ የለም። ጉርድ ፎቶዎቹንም ለመንገዱ ብሎ ይዟቸው ሄዷል። "መቀረጽ አይወድም ነበር እኮ" አልኋት። ይህን ውሸት ይዤ ስንት ዓመት ኖርሁ። ስሙን ባነሣች ቁጥር ሥራ እንዳለበት ሰው ተነሥቼ እወጣ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ካርዱን ገዝተን ስንመለስ ልጄ ለአያቷ ሳምቡሳ ይዛላት ነበር። እማ ዓይኗ ደክሟል፤ ጋዜጣው ሳይፈታ ከሽታው አወቀችው። ከዚያ በላይ አልቻልሁም። አጠገቧ ተቀምጬ ቪዲዮው እንደነበረ፣ ያጠፋሁትም እኔ እንደሆንሁ ነገርኋት። ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅሁ።

"ምን ይል ነበር?" አለችኝ።

አንድ ቃል ሳላስቀር ነገርኋት።

"ሳምቡሳዬን በላችሁብኝ?" አለች። እየሳቀች እንባዋ ወረደ።

"አፉ በይን እማ።"

"አፉ ብያለሁ። እስቲ ድገሚልኝ፤ እሱ እንዳለው አርገሽ።"

ደገምሁላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ ታስደግመኛለች። እኔም አንዲት ቃል እንዳትዛነፍብኝ እየተጠነቀቅሁ እነግራታለሁ። ይህችን ደግሞ ካጠፋኋት ሌላ ቅጂ የለኝም።