ሁለቱም መንገድ የተያዘበት ዓርብ

መካነ ሰላም ከተማ መናኸሪያው አጠገብ አንዲት ክፍል ሱቅ ነበረችኝ፤ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ፎቶ ኮፒ፣ አንድ ስልክ። ኮምፒውተሩም ስልኩም የሚሠሩት አይኤስዲኤን በሚሉት መስመር ነበር። ሽቦው አንድ ነው፤ ውስጡ ግን ሁለት ቻናል፣ ማለት ሁለት መንገድ አለው። ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም። የሞደሙን የእንግሊዝኛ መመሪያ፣ መዝገበ ቃላት ጭኔ ላይ ዘርግቼ፣ ቃል በቃል ለቀምኩት። «የዳታ ቻናል ብዛት» የሚል ቦታ አለ። አንድ ከሞሉበት አንዱ መንገድ ለኢንተርኔት፣ ሌላው ለስልክ ይሆናል። ሁለት ከሞሉበት ኢንተርኔቱ ሁለቱንም ይወስዳል።

ሐሙስ ዕለት እስቲ ልሞክረው ብዬ ሁለት ሞላሁበት። እንዴት እንደፈጠነ! ደስ ብሎኝ እንደዚያው ተውኩት።

ዓርብ ረፋድ ላይ አንዲት እናት መጡ። ልጃቸው ጅዳ ሰው ቤት ትሠራለች። አሠሪዎቿ ስልክ የሚፈቅዱላት ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ብቻ ነው። እንደሷ ያሉ ልጆች ያሏቸው እናቶች ለዚያች ሰዓት ከገጠር ወጥተው የኔ አግዳሚ ላይ ይቀመጡ ነበር። የሴትየዋ ልጅ ግን ድምፅዋ ከጠፋ ሦስት ወር ሆኗል። ከጅዳ የተመለሰች ጎረቤት ናት «ታማ ነበር፤ በዚህ ዓርብ እደውላለሁ ብላለች» ያለቻቸው።

«አሰላሙ አለይኩም። ደወለች?»

«ገና ነው እትዬ፣ ኢንሻ አላህ ትደውላለች። አረፍ ይበሉ።»

የት ሊያርፉ! ሻሻቸውን ይፈታሉ፣ መልሰው ያስራሉ። በር ድረስ ሄደው ይመለሳሉ፣ ስልኩ ፊት ይቆማሉ። ጭንቀታቸው ተጋብቶብኝ የጠረግሁትን ወለል ደግሜ ጠረግሁ።

ኮምፒውተሩ ላይ አንድ አስተማሪ መጽሐፍ ያወርዳል። «ዛሬስ ይበራል! ምን አጠጣሽው?» አለኝ።

«እጄ ነዋ!» ብዬ ተኩራራሁ።

ጁምዓው አለቀ። ሰዉ ከመስጊድ ወጥቶ በደጃችን አለፈ። ስልኩ ዝም።

«እንዲህ ጭጭ የሚለው ጤነኛ ነው?» አሉኝ እናትየው።

«ጤነኛማ ነው፣ ይኸው» ብዬ እጀታውን ጆሮዬ ላይ ባደርገው ምንም ድምፅ የለውም። ሐሙስ የሞላሁት ቁጥር ትዝ አለኝ። ሁለት! በገዛ እጄ ነው በሩን የዘጋሁባት።

«መምህር፣ ላቋርጥብህ ነው።»

«ኧረ ትንሽ ነው የቀረኝ!»

አልሰማሁትም። የሞደሙን የይለፍ ቃል ሁለቴ ሳትኩ። በሦስተኛው ገብቶልኝ ሁለቱን ሰርዤ አንድ ጻፍኩና ሞደሙን አጥፍቼ አበራሁት። መብራቶቹ ብልጭ ድርግም እያሉ አልረጋ አሉ።

ምን እደብቃለሁ? ነገርኳቸው። «እስካሁን ደውላ ከሆነ ተይዟል ነው የሚላት። ጥፋቱ የኔ ነው።»

አፍጥጠው አዩኝ። «አንቺ ልጅ! ለመጽሐፍ ሁለት መንገድ ሰጥተሽ ለልጄ አንድ ነሳሻት?»

አስተማሪው አንገቱን ደፋ። እኔ ሞደሙ ላይ አጎነበስኩ፤ መብራቶቹ ቆይተው ረጉ።

ለከሰዓቱ ሶላት፣ ለዐስር፣ አዛን ሊባል ሲል ስልኩ ጮኸ፤ እናትየው ብድግ ብለው አነሱት። የልጅቷ ድምፅ ከእጀታው አልፎ ክፍሉ ውስጥ ተሰማ። «እማዬ፣ ስንት ጊዜ ደወልኩ! ተስፋ ቆርጬ ነበር።»

«ድነሻል ወይ?»

«ድኛለሁ።»

«እስቲ ሳቂልኝ፤ ሳቅሽን ሰምቼ ልመን።»

ሳቀች። ወዲያው መስመሩ ተቋረጠ።

በሚቀጥለው ዓርብ ሰላምታም ሳይሰጡኝ ቀጥታ ወደ ስልኩ ሄዱ። እጀታውን አንስተው እንደ ሐኪም ረጋ ብለው አዳመጡ።

«ይጮሃል» አሉና አስቀመጡት። «በይ አሁን ሥራሽን ሥሪ።»

እሳቸው ተቀመጡ። እኔ ግን ልጅቷ እስክትደውል ድረስ መቀመጥ አልቻልኩም።